የአጎትዎ ፒያኖ ለማን ይሰጥ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ጀርመን ተምረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ትልቅ ባለ ሦስት እግር ፒያኖ አለን። ከቁልፎቹ በላይ «ብሉትነር፣ ላይፕዚግ» የሚል ጽሑፍ አለበት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ የቃኘው ሰው የለም። ዳንቴል አልብሰን ቴሌቪዥን አስቀምጠንበታል። አንዳንዱ ቁልፍ ሲጫኑት እዚያው ይቀራል፣ አንዳንዱ ድምፁ አልቆም ይላል፣ ነጮቹም ወይበዋል። ትንሿ ልጄ በኪቦርድ መማር ስለጀመረች ማስጠገን አሰብኩ። የሰፈራችን ፈርኒቸር ቤት «በሁለት ሳምንት አዲስ አደርግልሻለሁ» አለኝ፤ ዋጋውም አይከብድም። አዲስ አበባ ላለ አንድ ባለሙያ ፎቶ በቴሌግራም ብልክለት «ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት» ብሎ የጠራው ብር አስደነገጠኝ። ጀርመን ያለው ወንድሜ ደግሞ «እዚያ አታበላሹት፣ ወደ አገሩ ላኩት» ይላል። ለማን ልስጥ? የታላቋ ልጄ ሠርግ ጥር ላይ ነው፤ ለዚያ ቢደርስልኝ ደስ ይለኝ ነበር።
ግራ የገባት እናት

መልስ፦
እህቴ፣ ከሦስቱ ለማንም ገና አይስጡ። ሦስቱም የፈረዱት ፒያኖውን ሳይመረምሩ ነው። ፈርኒቸር ቤቱ ያየው ውጪውን እንጨት ነው። የአዲስ አበባው ሰው ያየው ፎቶ ነው። ወንድምዎም ቢሆን በልጅነቱ የሚያውቀውን ፒያኖ እያሰበ ነው የሚያወራው። ቴሌቪዥኑን ግን ዛሬውኑ ያውርዱ።

መጀመሪያ በእጅዎ ምን እንዳለ ይወቁ። ብሉትነር ተራ ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1853 ላይፕዚግ ውስጥ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው፤ ዛሬም በዚያው ከተማ አቅራቢያ ይሠራል። ክዳኑን ከፍተው ክሮቹ የተጠመጠሙባቸው መቃኛ ችንካሮች በተደረደሩበት አካባቢ፣ ብረቱ ወይም እንጨቱ ላይ፣ የታተመ ቁጥር ይፈልጉ። በዚያ ቁጥር የተሠራበት ዓመት ይታወቃል። ለፋብሪካው ጽፎ መጠየቅም ይቻላል። ይህን ሥራ ለወንድምዎ ይስጡት።

ከዚያ ወደ ቀኝ በኩል፣ ወደ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይመልከቱ። በሌላ ፒያኖ ላይ እዚያ ለአንድ ቁልፍ ሦስት ክር ነው ያለው። ብዙ ብሉትነሮች ላይ ግን አራተኛ ክር አለ። ቁልፍ ሲጫኑ ክሩን የሚመታው መዶሻ ይሄኛውን አይነካውም። ሦስቱ ሲመቱ እሱ በራሱ ይንቀጠቀጥና ድምፁን ያደምቀዋል። ፋብሪካው ይህን ፈጠራ በ1873 ነው ያስመዘገበው። የእርስዎም ፒያኖ ካለው በነፃ ፈተና አገኙ ማለት ነው። ለሚመጣው ባለሙያ ሁሉ ያሳዩትና «ይሄኛው ክር ምን ይሠራል?» ይበሉት። «ትርፍ ነው፣ አውጥተን እንጥለዋለን» ያለዎትን ቡና አጠጥተው ይሸኙት።

ሌላም አለ። በቁልፉና በመዶሻው መካከል ያለው ማሽን በዛሬዎቹ ግራንድ ፒያኖዎች (እንደ እርስዎ ያሉት ባለ ሦስት እግሮቹ) ላይ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ መነሻው ፓሪስ ይሠራ የነበረው ኤራር በ1821 ያወጣው ፈጠራ ነው። የድሮ ብሉትነሮች ግን ብዙዎቹ የራሳቸው ለየት ያለ ማሽን አላቸው። አሠራሩ ቀለል ይላል፣ መለዋወጫው ግን በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ «ይሄ ያረጀ ዓይነት ነው፣ በአዲሱ እንቀይረው» የሚል ሊያጋጥምዎት ይችላል። በጣም ፈጣን ሙዚቃ የሚጫወት ሰው በዚህ ላይ ቅሬታ ቢኖረው አይገርመኝም። ለሚማር ልጅ ግን በደንብ ከተስተካከለ ይበቃል። አይቀይሩት። የዚያን ማሽን ስም ሰምቶ የማያውቅ ወርክሾፕም አይንካው።

አሁን ወደ ፈርኒቸር ቤቱ ልምጣ። የደብረ ብርሃንን አናፂዎች ለመናቅ አይደለም። በርና አልጋ ሲሠሩ የሚወጣላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ግን ፒያኖ የቤት ዕቃ የሚመስለው ከውጪ ብቻ ነው። ውስጡ 230 ገደማ ክር አለ። ሁሉም ተደምረው የሚስቡት ከ18 እስከ 20 ቶን ይጠጋል። ያን ጉልበት የተሸከመው ቀልጦ የተሠራ ወፍራም ብረት ነው። ከሥሩ ደግሞ ውፍረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ስፕሩስ ከሚባል ጥድ መሰል እንጨት የተሠራ ሰሌዳ ተዘርግቷል። ድምፁን የሚያጎላው እሱ ነው። እዚያ ሰሌዳ ላይ ቫርኒሽ ደራርበው ቢቀቡበት ድምፁ ይታፈናል። የብርጭቆ ወረቀት አቧራ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ደግሞ ዛሬ የሚሠራው ቁልፍም ነገ ይይዛል። ክር የሚፈታ ሰውም ቅደም ተከተሉን ካላወቀ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ብረቱ ከተሰነጠቀ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አበቃ። ፈርኒቸር ቤቱ ተራው በመጨረሻ ነው፤ ውስጡ አልቆ እግሮቹንና ወንበሩን ማስዋብ ሲፈልጉ። ያኔም ቢሆን «ብሉትነር» የሚለውን ጽሑፍ እንዳይፍቀው አጠገቡ ይቁሙ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መርማሪውንና ሠሪውን ለዩ እላለሁ። አንድ ቃኚ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ ፒያኖውን እንዲያይ ይክፈሉት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ትራንስፖርቱንና የቀኑን አበል ይቻሉ። ጥገናውን ለእሱ እንደማይሰጡትም ከመጀመሪያው ይንገሩት። ይሄን ሲሰማ ፊቱ ከተቀየረ ሌላ ይፈልጉ። እንዲህ ዓይነት ሰው በደላላ አይገኝም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄደው የፒያኖ መምህራኑን ያነጋግሩ፣ ፒያኖ ያላቸውን ትልልቅ ሆቴሎች ይጠይቁ። ጥያቄው አጭር ነው፦ «የእናንተን ማን ነው የሚቃኝላችሁ? ሲቃኘው ምን ያህል ይቆያል?» አንድ ስም ከሁለት ቦታ ከሰሙ እሱን ይያዙ። ሙያው ጠባብ ነው። ስለዚህ መርማሪና ሠሪ አንድ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሆነም ምርመራውን በጽሑፍ ይቀበሉና ሥራ ከማስጀመርዎ በፊት ለሌላ ያሳዩት።

መርማሪው ሲመጣ እርስዎ ከአጠገቡ አይራቁ። ሥር ገብቶ በባትሪ ሰሌዳውን ያያል። ሰሌዳው ላይ ስንጥቅ ቢያገኝ አይደንግጡ፤ ብዙ የተሰነጠቁ ፒያኖዎች ጥሩ ይዘፍናሉ። የሚያስፈራው ከሥር የተለጠፉት ዘንጎች ለቀው ሰሌዳው የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ነው። ዝገቱን ያያል። ግራ በኩል ያሉት መዳብ የተጠመጠመባቸው ወፍራም ክሮች ሲመቱ ደንቆሮ ድምፅ የሚሰጡ ከሆነ አርጅተዋል። መዶሻዎቹንም አውጥቶ ክሩ የቆፈረባቸውን ቦይ ያሳይዎት። ብልም አለ። ለመንዝ ቅርብ ነዎትና ባና ያለው ቤት ብልን ያውቃል። መዶሻውም፣ ክሩን ዝም የሚያሰኘው ማፈኛም ከተጠቀጠቀ የበግ ሱፍ ነው የሚሠሩት። ማፈኛውን ብል ከበላው ድምፁ አልቆም ይላል። እርስዎ የጻፉት አንዱ ችግር ይሄ ሊሆን ይችላል። ተጭኖ የሚቀረው ቁልፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትንሽ ነገር የሚመጣ ነው። እርጥበት ያሳበጠው ጨርቅ፣ ሥሩ የወደቀ ሳንቲም ወይም እርሳስ። ለዚህ ብሎ ፒያኖ ሙሉ በሙሉ አይፈታም።

ትልቁ ጉዳይ ችንካሮቹ የተተከሉበት እንጨት ነው። ከብረቱ ሥር ተደብቋል፣ በፎቶ አይታይም። የአዲስ አበባው ሰው ዋጋ ሲጠራ ይሄን አላየውም፣ ሊያየውም አይችልም ነበር። መርማሪው መቃኛውን ችንካሩ ላይ አጥልቆ ሲያዞር በእጁ ጥንካሬውን ያውቃል። ከላላ በትንሹ የወፈረ ችንካር መትከል ይቻላል፤ ይህ መካከለኛ ሥራ ነው። እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ክሩ ሁሉ ይወርዳል፣ ብረቱ ይነሳል፣ እንጨቱ በአዲስ ይቀየራል። ገንዘብዎን የሚበላው ይሄ ነው። ስለዚህ ስለ መዶሻና ስለ ቫርኒሽ ከመከራከርዎ በፊት «ችንካሩ ይይዛል ወይስ አይዝም?» የሚለውን ያስለዩ። ጥሩ መርማሪ ጥቂቶቹን ቃኝቶ ትቷቸው ይሄዳል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ በስልክ የድምፅ መለኪያ ቢሞክሯቸው የያዘውና ያልያዘው ይለያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለዓመታት ያልተቃኘ ፒያኖ ድምፁ በግማሽ ደረጃ (የአንድ ቁልፍ ልዩነት ያህል) ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ዛሬ ለመቃኛ የተለመደው ልክ፣ «ላ» ለሚባለው ድምፅ፣ 440 ኸርዝ ነው። አንዳንዱ ጀብደኛ በአንድ ቀን ወደዚያ ይጎትተዋል፣ የዛገው ክርም ይበጠሳል። ሲበጠስ ዓይን ያጠፋል። ደረጃ በደረጃ እየሳበ፣ ጊዜ እየሰጠ የሚያወጣውን ይምረጡ።

ምርመራው በእጅዎ ከገባ በኋላ ነው ወርክሾፕ የሚመረጠው። አዲስ አበባ ወርደው በአካል ይዩት። ፎቶና ቲክቶክ አይበቃም። ያለቀ ፒያኖ ያሳዩዎታል፤ ያብረቀርቃል፤ ይለፉት። እርስዎ ሆዱ የተከፈተውን ይጠይቁ። የተፈታው ማሽን በቁጥር ተደርድሯል ወይስ ካርቶን ውስጥ ተዝረክርኳል? ከድሮዎቹ ክሮች የእያንዳንዱ ውፍረት ተለክቶ ተጽፏል ወይ? የእርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ አለ ወይ? ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት ያስጠገነ ደንበኛ ያገናኙዎት እንደሆነም ይጠይቁ፤ ትናንት የተረከበ ሰው ምስክር አይሆንም። የፒያኖ መምህር ይዘው ይሂዱና ያለቀውን ያስነኩት። በጣም በቀስታ፣ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ። ጥሩ ያልተስተካከለ ማሽን እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ይሄን ፒያኖ ብትይዘው የማትነካው ምንድን ነው?» ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልሳል። «ሰሌዳው ደህና ነው፣ አልነካውም። መዶሻው ተፈቅፍቆ ገና ያገለግላል። ቁልፎቹን እንዳሉ እተዋለሁ።» ሁሉንም እቀይራለሁ የሚለው ወይ አልመረመረውም ወይ ሒሳብ እያበዛ ነው። እኔ ብሆን ወርክሾፕ የምመርጠው በዚህ መልስ ነው፤ ዋጋ ሁለተኛ ይመጣል።

ስለ አየሩም ያንሱባቸው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ ጉምና እርጥበት፣ ከኅዳር ወዲያ ውርጭና ደረቅ ነፋስ። እንጨት በአንዱ ያብጣል፣ በሌላው ይኮማተራል። ክረምት ላይ እርጥበት እንደያዘ የተጣበቀ ሰሌዳ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሰሌዳና የሙጫ ሥራ ካለ በበጋ ይሁን፣ ወይም እንጨቱን አድርቀው የሚሠሩ ይሁኑ። «የት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ ያልጠየቀዎት ወርክሾፕ አንድ ነጥብ ጎደለበት። እቤትም ሲመለስ ከሰል ምድጃ አጠገብ አይሁን፣ ከመስኮት የሚገባ ፀሐይም አይምታው።

ውል ይጻፉ። የሚሠራው ሁሉ በዝርዝር ይግባ፤ «ሙሉ እድሳት» የሚል ቃል ብቻ ያለበት ወረቀት ላይ አይፈርሙ። የሚወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ፣ መዶሻውም ክሩም፣ በካርቶን እንዲመለስልዎ ያስጽፉ። ይህ ቀላል ነገር ብዙ ያስተካክላል፤ ያልተቀየረ ዕቃ «ተቀየረ» ተብሎ እንዳይከፍሉበት። ቀብድ ከሢሶ አይብለጥ። የመጨረሻው ክፍያ ፒያኖው ደብረ ብርሃን ደርሶ፣ ጥቂት ሳምንት አርፎ፣ እንደገና ከተቃኘ በኋላ ይሁን። አዲስ ክር ከገባበት መለጠጡ አይቀርም። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይቃኛል፤ ያም ዋጋ ውሉ ውስጥ ይግባ። ማጓጓዙን ማን ይችላል የሚለውም እንደዚያው። መካከለኛ ግራንድ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እግሮቹና ፔዳሉ ወልቀው፣ በቀጥተኛው ጎኑ ሰሌዳ ላይ ተጋድሞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የሚጫነው። ብርድ ልብስ እንኳ ደብረ ብርሃን አይጠፋም።

ወንድምዎን በተመለከተ፦ ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ግን እኔ አልልከውም። ነጮቹ ቁልፎች ወይበዋል ብለዋል። ቀረብ ብለው ይዩአቸው። ጥቁሩ ቁልፍ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ነጩን የሚያቋርጥ ስስ መስመር ካለ የዝሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ደግሞ ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ይመጣል። ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚጠየቀው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፣ አውሮፓ በኩልም የራሳቸው ጥብቅ ደንብ አለ። ፈቃድ ሳይኖረው ቢገኝ ሊወረስ ይችላል። በዚያ ላይ መርከቡ፣ ጉምሩኩ፣ የጀርመን የሠራተኛ ዋጋ። ሙሉ እድሳቱ ፒያኖው ታድሶ ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ይልቅ ወንድምዎ ዕቃውን ይላክ። ጥሩ የፒያኖ ክርና መዶሻ የሚሠራው እዚያው ነው። ሮስላው የሚባለው ሽቦ፣ አቤል ወይም ሬነር የሚባሉት መዶሻዎች። መዳብ የተጠመጠመባቸው ክሮች በናሙና ስለሚሠሩ ልኩ ከዚህ ይሄዳል። ፒያኖው እዚህ ይቆያል፣ በሻንጣ የሚገባው ይመጣል። ነጮቹን ቁልፎች ደግሞ እባክዎ በበረኪና አያሹ። በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። መወየባቸው ምንም አይጎዳም።

ሠርጉን በተመለከተ፣ ለጥር አይደርስም። ይደርሳል የሚልዎት ሰው ካለ ከዝርዝርዎ ይሰርዙት። ትክክለኛ ጥገና ወራት ይፈጃል፤ ሙሉ እድሳት ከሆነ ከዓመት ሊያልፍም ይችላል። እስከዚያ መርማሪውን አስጠርተው ውስጡን ያስጠርጉ፣ የተያዙትን ቁልፎች ያስለቅቁ። ለሠርጉ ኪቦርድ ይከራዩ።